የጥንቸል ጅራት

ጎራዴውን የመረጥኩት ስለከበደኝ ነው። ሻጩ ሁለት አቀረበልኝ። አንደኛውን ሳነሳው እንደ ወጥ ማማሰያ ቀለለኝ፤ ሁለተኛውን ሳነሳው ትከሻዬ ቀጭ አለ። «ይኼ ነው እንጂ ብረት!» አልኩና ሁለተኛውን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ። አይፈረድብኝም። ብረት ድስት ሲገዛ ከፍ ዝቅ አድርጎ የማይመዝን፣ ጋቢ ሲገዛ ክንዱ ላይ አጥፎ ክብደቱን የማያይ፣ በግ ሲገዛ ወገቡን ጨብጦ ከመሬት ነቅነቅ የማያደርግ ማን አለ? ቀላል ዕቃ በሚናቅበት ቤት አድጌ ጎራዴ ላይ ስደርስ ሌላ መስፈርት ከየት ላምጣ?

የሂሳብ ሠራተኛ ጎራዴ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 23 ሲቃረብ የመሥሪያ ቤታችን የበዓል ኮሚቴ ተሰብስቦ የዓድዋ ድል በቀረርቶና በፉከራ እንዲከበር ወሰነ። ፎካሪ ሲፈለግ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔ በሕይወቴ የፎከርኩት የውሎ አበል ወስዶ ባላወራረደ ሠራተኛ ላይ ብቻ ነው። ለካ «አወራርድ!» የሚለው ጩኸቴ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማ ኖሯል። «ድምፁ አለህ፣ ቁመቱም ይበቃል፣ የቀረህ ትጥቁ ነው» አሉኝ። ለሙሉ ትጥቅ 3,000 ብር ተመደበ። አነሰ ብዬ እንዳላማርር ዝቅ ያለ በጀት እንዲያዝ ያሳሰብኩት እኔው ራሴ ነኝ።

የአንበሳ ጎፈር ተብሎ የተሸጠልኝ በሻይ የተነከረ የፍየል ፀጉር ነው፤ ውኃ ሲነካው ወደ ፍየልነቱ ይመለሳል። ጋሻው ከፊት ሲያዩት ያስፈራል፣ ከኋላ ሲያዩት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። በእነዚህ ቅር አላለኝም። ጎራዴው ላይ ስደርስ ግን ሰውነቴ ሌላ ሆነ። መርካቶ መሀል፣ ጋሪ እየገፋ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» የሚለው ልጅ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዝም ብሎ በሌላ በኩል ዞረ። ይኼን ያየ ሰው ዋጋ ይከራከራል?

ትንሽ ተከራከርኩ።

«የድሮ ነው?»

«የድሮ ሥራ ነው» አለኝ ሻጩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

«ይኼ መሀሉ ላይ የወረደው መስመርስ?»

«እሱማ የደም መውረጃው ነው ጋሼ! ጣሊያንን ያስለቀሰው ምን ሆነና!»

«ይኼው ራሱ?»

«የዚህ ታላቅ ወንድም።»

ከ4,000 ጀምሮ 1,700 ላይ ተጨባበጥን። ቤት ስደርስ ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና «ሽንኩርት ይከትፋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጎራዴ ሽንኩርት አይከትፍም አልኳት፣ ቆጣ ብዬ። ማታ እሷ ስትተኛ ማድ ቤት ገብቼ ሞከርኩት። እውነትም አይከትፍም።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ቀን ነርስ ነው፤ ማታ ርካሽ ሰይፍ ይሰበስባል። ባለአንድ መኝታ ቤቱ ውስጥ አሥራ አራት ሰይፍና አንድ ወንበር አለ። እናቱ «ልጄን አሜሪካ ልኬ ሽፍታ ሆነብኝ» እያለች ስለት ተስላለታለች። እኔም እንደ ሁሉም ዘመድ እስከዚያ ቀን ድረስ የማዝንለት ልጅ ነበር። ያን ቀን ግን በቪዲዮ ደወልኩለትና ጎራዴዬን ካሜራው ፊት በኩራት ዘረጋሁት።

«ያምራል ጋሽዬ። ስንት ይመዝናል?»

ሚዛን ስላልነበረኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰፈራችን ሥጋ ቤት ወሰድኩት። ባለሥጋ ቤቱ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ከቢላዋው ጋር አስተያየና፣ ምንም ሳይል ሚዛኑ ላይ አኖረው። «ከነአጥንቱ ሁለት ኪሎ ከመቶ» አለ።

የእህቴ ልጅ ሲሰማ ወንበሩ ላይ ወደቀ። «ጋሽዬ፣ ይኼማ ዶማ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው አታምኑኝም። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ባላባት በአንድ እጁ ይይዘው የነበረው ሰይፍ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም አለኝ። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ እንኳን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል አያልፍም። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሊወዘውዘው ነዋ! ሁለት ኪሎ የሚመዝነውን አንስተህ ሁለቴ ስትመታ ሦስተኛውን አንተ ትመታለህ። ታዲያ የድሮው ቀሎ የዛሬው ርካሽ ለምን ይከብዳል ብዬ ጠየቅኩት። «ማቅለል ሥራ ስለሆነ ነዋ!» አለኝ። ደህና ባለሙያ ስለቱን እጀታው ሥር አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር አወፍሮ ይጀምርና ወደ ጫፉ እያሳሳ፣ እያሳሳ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ላይ ያደርሰዋል። ርካሽ ሠሪ ላሜራ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ይሞርዳል፣ ይሸጣል። ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት። ሰይፍ ላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ተሞርዶ መሬት ላይ የወደቀው ብረት ነው፤ እኔ ደግሞ ያልወደቀውን ሁሉ ተሸክሜ መጥቻለሁ።

«የደም መውረጃው ግን ጥሩ ነው አይደል?» አልኩት፣ አንድ ነገር እንኳን እንዲተርፍልኝ።

እሱም ተረት ኖሯል። ያ መሀሉ ላይ የሚወርደው ጎድጓዳ ለደም አይደለም፤ ስለቱ ሳይልፈሰፈስ እንዲቀል ብረት የሚነሳበት ቦታ ነው። የኔን በጥፍሬ እንድዳስሰው አዘዘኝ። ዳሰስኩት። ጎድጓዳ የለም። ጥቁር ቀለም ነው።

ቀጥሎ ጣትህ ላይ አስተኛው አለኝ። ቀጥ ያለ ደህና ሰይፍ ጣት ላይ ሲጋደም ከእጅ መከለያው አሥር፣ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደፊት ሲል ሚዛኑን ይይዛል፤ ጎበጥ ያለው ትንሽ ቢለይም በጣም አይርቅም። የኔ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ሄዶ ነው የቆመው። ክብደቱ በሙሉ ወደ ጫፉ ሸሽቷል ማለት ነው። ይኼን ግን ያለ እሱም አውቀው ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ሳሎን ውስጥ አንዴ ወዝውዤው እኔን ይዞኝ እስከ ቡፌው ድረስ ሄዷል።

«ብረቱስ ምንድን ነው?»

«ሻጩ የማይዝግ ነው ብሏል።»

የእህቴ ልጅ እንደ ሐኪም ቤት ውጤት አንባቢ ተነፈሰ። የማይዝግ ብረት ለማድ ቤት ቢላዋ ሸጋ ነው፤ በሰይፍ ቁመት ሲሠራ ግን ጠንካራ ነገር ሲመታ ሊሰበር ይችላል፣ ስለዚህ ለግድግዳ ነው አለኝ። ወዳጆቹ የሚሻሙት ካርቦን ያለውን ብረት ነው። በቁጥር ይጠሩታል፦ 1045፣ 1060፣ 1095። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ፤ 60 ማለት ከመቶ ብር ስድሳ ሳንቲም፣ ማለትም 0.60 በመቶ መሆኑ ነው። ሂሳብ ስለሆነ ይኼ ወዲያው ገባኝ። ከሁሉም በላይ ግን 5160 የሚሉትን እያሞገሰ ቆየና «እሱ እኮ የስፕሪንግ ብረት ነው፣ መኪና ሥር የሚገባው» ሲለኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ባሌስትራ!»

«አዎ፣ ባሌስትራ።»

እንግዲህ እዩልኝ። የኛ ቀጥቃጮች ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ ገጀራና ማጭድ ሲያወጡ ስንት ዘመናቸው! እኔ በደጃቸው አልፌ ሄጄ የሚያብረቀርቅ ላሜራ ገዛሁ፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ባሕር ማዶ ባሌስትራውን በዶላር ይገዛል። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ አላውቅም።

እሱም ቢሆን መቀለጃ ሆኗል። አንድ ጊዜ የጃፓን ካታና ገዛ። የጃፓኖቹ ባለሙያዎች ስለቱን ሲያጠነክሩ ጀርባውን በጭቃ ወፍራም አድርገው ቀብተው በእሳት አግለው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ጠርዙ ፈጥኖ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለስለስ ይላል፣ በሁለቱ መገናኛ ላይ እንደ ማዕበል የሚሄድ ነጭ መስመር ይቀራል። የሱም ካታና ማዕበል ነበረው። አንድ እሑድ በብርጭቆ ወረቀት ቢያሸው ማዕበሉ ረገበ። በአሲድ የተሳለ ሥዕል ነበር። በሰይፍ ስማቸው የገነነ ከተሞች ሳይቀሩ፣ ስፔን ውስጥ ቶሌዶ፣ ቻይና ውስጥ ሎንግቹዋን፣ ከደህናው ጎን ለግድግዳ የሚሆነውንም ለመንገደኛ ይቸበችባሉ አለኝ። ይኼን ስሰማ መርካቶን ይቅር አልኩት።

ጥፋት የመጣው ከሚቀጥለው ፈተና ነው። «ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፈህ ቀስ ብለህ ለምጠው» አለ። በደንብ የጠነከረ ስለት ይለመጥና ሲለቁት ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ለምጥኩት። ለቀቅኩት። እንደተለመጠ ቀረ። የማይዝግ የተባለውም ውሸት ሆነና፣ ከላይ ኒኬል የተቀባ ተራ ላሜራ ኖሯል። አያቶቻችን ሾተል የሚባል እንደ ማጭድ የጎበጠ ሰይፍ ነበራቸው፤ ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ይደርሳል፣ ጉብጠቱም የጠላትን ጋሻ ዞሮ ለመድረስ ይጠቅማል። የኔ ጎራዴ በዚያች ምሽት ወደ ሾተልነት አዘነበለ። ሁለት ሌሊት ፍራሽ ሥር አስተኛሁት። ባለቤቴ «ምንድን ነው ወገቤን የሚወጋኝ?» ስትል «ብርድ ነው» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ከሞላ ጎደል ተቃና። ከሞላ ጎደል የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

«ጋሽዬ፣ ዋናው ግን የማይታየው ነው» አለኝ የእህቴ ልጅ ሊሰናበተኝ ሲል። ስለቱ እጀታው ውስጥ ገብቶ የሚሄድ ጅራት አለው። በደህና ሰይፍ ላይ ይኼ ጅራት ከስለቱ ጋር አንድ ብረት ነው፤ ወፈር ብሎ እጀታውን ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፣ ብዙ ጊዜም ጫፉ ከላይ ተቀጥቅጦ ይታሰራል። በርካሹ ላይ ቀጭን ዘንግ ይበየድበታል፤ ፈረንጆቹ የአይጥ ጅራት ይሉታል። ሰይፍ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው።

«እጀታው ጫፍ ላይ የተቀጠቀጠ ብረት ይታያል?»

«አይታይም።»

«ብሎንስ?»

«የለም። ሙጫ ነው የሚታየው።»

መስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። «እንግዲህ በጣም አትወዝውዘው» አለኝ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ፉከራ ልማር አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ እንጦጦ ግርጌ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጎራዴዬን በግራ ጎኔ ታጥቄ፣ ቀኝ እጄን አሻግሬ ለመምዘዝ እየተለማመድኩ ገባሁ። በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ማን ነው እንዲህ ያስታጠቀህ?»

«ፊልም ላይ...»

«በቀኝ ነው የሚታጠቁት! በግራህ ጋሻ ይዘህ በየት በኩል ልትመዘው ነው?»

ሳፋዬን አየሁት። እውነት ነው።

አባባ ጎራዴዬን ተቀበሉኝ። ስንት ይመዝናል አላሉም፣ ብረቱ ምንድን ነው አላሉም። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አንጓቸውን ግራና ቀኝ አንዴ አዞሩት። ከዚያ ከነአፎቱ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው እንደ ድፍን ኮኮናት ነቀነቁት። ቅጭልጭል አለ።

«ይናገራል» አሉ። «ጎራዴ አይናገርም። የሚናገረው ሰውየው ነው።»

የሳቸው ጎራዴ እዚያው ግድግዳ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ተሰቅሏል። የቀንድ እጀታ አለው፣ አፎቱ ቀይ የነበረ ቆዳ ነው። አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፦ ልጅ ሆኜ ተደብቄ አውርጄው ነበር፤ ሳነሳው በጣም ስለቀለለኝ የማስመሰያ ነው ብዬ ደምድሜ መለስኩት። አርባ ዓመት ሙሉ «ምስኪን አባባ፣ ተታለው» እያልኩ ሳዝንላቸው ኖሬያለሁ። አሁን አስፈቅጄ አወረድኩት። ጣቴ ላይ አስተኛሁት፤ ከመከለያው ብዙም ሳይርቅ ቆመ። ጀርባውን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል አድርጌ ሳስኬደው እጀታው ሥር ወፍሮ ጀመረኝና ጫፉ ጋ ስደርስ በጣቶቼ መሀል የጠፋ መሰለኝ። ጎድጓዳው እውነተኛ ጎድጓዳ ነው። እንዲያው አንጓዬን ባዞር ጫፉ ቀድሞኝ ዞሮ ይጠብቀኛል። የኔ ሁለት ኪሎ እዚያው ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተጋድሞ ያየኛል።

ወደ መስኮቱ ጠጋ ሳደርገው እጀታው አጠገብ የደበዘዘ የላቲን ጽሑፍ አየሁ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፦ ዞሊንገን። የእህቴ ልጅ ስለዚህች የጀርመን ከተማ ነግሮኛል፤ በቢላዋና በሰይፍ የታወቀች ናት፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መገባደጃና ከዚያም ወዲህ የሷ ስለት ወደ አገራችን ብዙ ገብቷል፣ እጀታና አፎቱ እዚሁ እየተሠራለት። ለሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን የአባትህ ጎራዴ ጀርመናዊ ነው ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? ትንሽ አልጎመጎምኩና ነገርኳቸው።

አባባ አልደነገጡም። «ከአባቴ ጋር ማይጨው ደርሶ ተመልሷል» አሉ። «ጀርመንም ቢሆን ዜግነት ይገባዋል።»

ለአንድ ቀን ያውሱኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ፎካሪ የሚቆጥረው የራሱን ገድል ስለሆነ በራሱ ብረት ነው የሚፎክረው ብለው መልሰው ሰቀሉት።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ድፎ ዳቦው በጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሴቶቹ በሐበሻ ቀሚስ፣ የሰው ሀብት ክፍል በሙሉ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። በካኪ ቁምጣና በገንባሌ፣ ጎፈሬን አጥልቄ፣ ሳፋዬን ይዤ ገባሁ። እልልታው ሲቀልጥ ነፍሴ ተነሳ። ግጥሙን ራሴው ነበር የገጠምኩት፦

«ዘራፍ! ሰነድ አገላባጩ፣ ጉድለት አጋላጩ!»

ሳቁም እልልታውም ተደባለቀ። ወደፊት ዘለልኩ፣ ወደኋላ ዘለልኩ፣ በርከክ አልኩና ቀኝ እጄን ወደ ቀኝ ጎኔ ሰድጄ እጀታውን ጨበጥኩ። የሚመዘዝበት ጊዜ ነው። ሳብኩ። አልመጣም። ከሞላ ጎደል የተቃናው ስለት ቀጥ ያለው አፎት ውስጥ ተሰንቅሯል። አንድ ተጨማሪ ስንኝ ጨመርኩ፣ ያልተዘጋጀሁበት ስለሆነ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ደግሜ ሳብኩ። ከመጨረሻው ረድፍ አንዱ «አግዙት!» አለ። በዚህ ጊዜ ሳፋውን ጣልኩና በሁለት እጄ፣ ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ ያጠራቀምኩትን ጉልበት በሙሉ አንስቼ «ዘራፍ!» ብዬ መዘዝኩት።

መጣ። እጄን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ፊቴን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዙሬ ቆምኩ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ፀጥታው ከጀግንነት የመጣ መስሎኝ ትንሽ ቆየሁበት። ቀና ብዬ ሳይ እጄ ላይ ያለው እጀታ ብቻ ነው። ስለቱ አፎቱ ውስጥ ተኝቷል።

«የቀረው የት ሄደ?» አለች ገንዘብ ያዧ፣ እንደ ሁልጊዜው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ከእጀታው ጋር የወጣውን ጅራት ፎቶ አንስቼ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። አራት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ብረት፣ ዙሪያውን ሙጫ የበላው፣ ጫፉ ላይ ብየዳው የለቀቀ። ለእህቴ ልጅ ላክሁለት። «የአይጥ ጅራት እንኳን አይደለም ጋሽዬ» ብሎ ጻፈልኝ፣ «የጥንቸል ነው።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሠራተኛው ኮሪደሩ ላይ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ውሎ አበላችሁን አወራርዱ እያልኩ ዓመታት የጮህኩባቸው ሁሉ አሉ፤ አንዳንዶቹን ረስቻቸው ነበር። ደረጃው ላይ ስደርስ በአንድ ድምፅ «አወራርድ!» አሉኝ። እውነትም 3,000 ብሩ በስሜ ወጥቶ አልተወራረደም። የመርካቶው ሰው ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ ስለዚህ ዕቃውን ራሱን ለንብረት ክፍል ማስረከብ ነበረብኝ። የንብረት ሹሟ እጀታውን በአንድ እጇ፣ ስለት የዋጠውን አፎት በሌላው ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችና የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ላይ ጻፈች፦ «ጎራዴ፤ ብዛት 2።»